ወደ ኮረም፣ ቀይ መስቀልን ተከትዬ

ኅዳር 2006 ዓ.ም. ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ደረስኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ሁለት ስም ብቻ ነው፤ ደሴ እና ኮረም።

ትምህርት ቤት ሳለሁ የቀይ መስቀል ክበብ አባል ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰብን ባለ ሦስት ማዕዘን ፋሻ ማሰር እንለማመድ ነበር። የተሰበረ እጅ በእንጨት መደገፍ፣ የሚደማ ቁስል ጫን አድርጎ መያዝ፣ ራሱን የሳተ ሰው በጎኑ ማስተኛት፣ ሁሉንም እዚያ ተማርኩ። የማኅበሩን ታሪክ ግን ማንም አልነገረንም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. መመሥረቱን ያነበብኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ቀኑን ሳይ ደነገጥኩ። ጣሊያን መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ሦስት ወር እንኳን አልሞላም! ማኅበሩ ሲወለድ ጦርነቱ ደጅ ቆሞ ነበር። ያኔ ኢትዮጵያዊ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነው። እንደዚያም ሆኖ ከውጭ ሐኪሞች እየተቀጠሩ፣ ድንኳንና መድኃኒት እየተሰበሰበ፣ ቡድን እየተደራጀ ወደ ግንባር ይላክ ጀመር። ያንን መንገድ በዓይኔ ማየት ፈለግኩ።

ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ በላን። ጣርማ በር ስንደርስ አውቶቡሱ ጨለማው ዋሻ ውስጥ ገባ። ዋሻውን የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። በወዲያኛው በኩል ስንወጣ ጭጋጉ ከእግራችን ሥር ነበር፤ ከዚያ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ወረድን። ሸዋ ሮቢትን፣ ከሚሴንና ኮምቦልቻን አልፈን ከሰዓት በኋላ ደሴ ገባን። የጦሳ ተራራ ደመና ለብሶ ጠበቀን።

ደሴ ላይ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብ ጥለዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማው ውስጥ ነበሩ። የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ፤ የቀይ መስቀል ምልክት እያለበት። ወር ሳይሞላ በደቡቡ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ ተደበደበ። ያኔ አምቡላንስ ሲባል እንደ ዛሬው አንድ መኪና ማለት አይደለም። ድንኳኑን፣ የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛውን፣ ጭነት መኪናውንና በቅሎውን ይዞ የሚጓዝ ሙሉ ሆስፒታል ነው። ጉናር ሉንድስትሮም የተባለው ስዊድናዊና በርካታ ቁስለኞች እዚያ ሞቱ።

በማግስቱ ጠዋት የኮረምን መንገድ በሚኒባስ ያዝኩ። ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልዲያ። ቆቦ ላይ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነበር። ልጆች ማማ ላይ ቆመው ወንጭፍ ያስጮሃሉ። ከአላማጣ በኋላ የግራካሱ ዳገት ይጀምራል። መኪናው ሲጠማዘዝ አንዴ ሜዳው፣ አንዴ ሰማዩ መስኮቴ ላይ ይመጣል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት መቁጠሪያቸውን አልለቀቁም።

ኮረም ቀዝቃዛ ናት። ሰፊ ሜዳ አላት። የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. የእንግሊዝ አምቡላንስ ድንኳኖች በዚህ አካባቢ በቦምብ ተመቱ። መሪው ዶክተር ጆን ሜሊ ነበር። ከዚያ ተርፎ አዲስ አበባ ገባ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ከተማው ሲዘረፍ ቁስለኛ ለማንሳት ወጥቶ በጥይት ተመታና ሞተ። የቀይ መስቀልን አውሮፕላን ያበርር የነበረው የስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ተመልሶ መጣና መኪና በማይገባበት ቦታ ከትንሽ አውሮፕላን ላይ እህል በጆንያ ይጥል ነበር። በ1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በጦርነት ተገደለ።

ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በልቤ የያዝኩት አንድ ነገር ነበር። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ልዑክ የነበረው ስዊዛዊው ሐኪም ማርሴል ጁኖ በዚያ መጋቢት እዚህ ነበር። የመርዝ ጋዝ ያቃጠላቸው ሰዎች ከዛፍ ሥር ተኝተው ሲያለቅሱ ሰማ። የሚሉትን ቃል በራሳችን ቋንቋ ጽፎታል። «አቤት፣ አቤት» ይላሉ።

ይህን ሳነብ ገላዬን ቀዝቅዞኝ ነበር። ኮረም ላይ ሆኜ ሳስበው ባሰብኝ። እኛ ዘንድ የተበደለ ሰው አቤት ይላል። የተጠራ ሰውም አቤት ይላል። ጁኖ ጩኸቱን ጻፈልን። መልሱን ማን እንደሰጠ ግን ስም በስም የሚነግረን የለም። የስዊድኖቹን፣ የእንግሊዞቹን፣ የኖርዌዮቹን፣ የግብፅ ቀይ ጨረቃ ሐኪሞችን ታሪክ ማግኘት ይቻላል። ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ ሲመሰገኑ ደስ ይለኛል። ግን ቃሬዛውን የተሸከመው ማነው? ፋሻ ያጠበው፣ ለሐኪሙ ያስተረጎመው፣ በቅሎውን የነዳው፣ ቦምብ ሲወርድ ቁስለኛውን ታቅፎ የተኛው? የእኛው ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ስማቸው የለም። ይኼ ነገር ያንገበግበኛል።

ሻይ ቤት ውስጥ አንዲት አሮጊት አገኘሁ። «አደይ፣ 77ን ያስታውሳሉ?» አልኳቸው። ዝም ብለው እጃቸውን ወደ ሜዳው ዘረጉ። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲ ዘገባ ረሃቡን ለዓለም ያሳየበት ሜዳ ነው። በዚያን ጊዜ ኮረም ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። ሰው «ማስተባበሪያ» የሚለው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን፣ የውጭ ድርጅቶችም እዚህ ነበሩ። መቀሌ ላይ ደግሞ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ነርስ ክሌር በርትሺንገር ከብዙ መቶ የተራቡ ልጆች መካከል ምግብ የሚያገኙትን ጥቂቶች እንድትመርጥ ተገዳ ነበር። ምግቡ ለሁሉም አይበቃምና።

«ጎህ ሲቀድ ነበር የሚከፋው» አሉኝ አደይ። «ሌሊቱን ብርዱ ይጨርሰናል። ጠዋት ያልተነሳውን እናያለን።» ታናሽ ወንድማቸውን እዚያ ቀብረዋል። ስንዴውና ብርድ ልብሱ ከየት እንደመጣ አያውቁም። «ስማችንን የጻፈው ግን የእኛው ልጅ ነው። ቀጭን ልጅ። እሱም የራበው ይመስለኝ ነበር።»

ደብተሬ ላይ ይህችን ብቻ ጻፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ደሴ ተመለስኩ። የቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ግቢ ገብቼ እንግድነቴን ስናገር በጎ ፈቃደኞቹ ሻይ አስመጡልኝ። አንዷ ወጣት ሻሽ ጠምጥማ፣ በላዩ ቀይ መስቀል ያለበት ሰደርያ ለብሳለች። መጀመሪያ ላይ ሰፈር ውስጥ ጥያቄ በዝቶባት እንደነበር ነገረችኝ። «አባቴ ራሱ ጠይቆኛል። የስዊዝ ባንዲራ ቀለሙ ተገልብጦ ነው አልኩት። ጉዳዩ ሃይማኖት አይደለም፣ አትተኩሱብን ማለት ነው አልኩት። አሁን ሰደርያውን የሚያጥብልኝ እሱ ነው።» የማኅበሩን መርሆዎች በቃሏ ታውቃቸዋለች። ሰብአዊነት፣ አለማዳላት፣ ገለልተኝነት እያለች እስከ ሰባተኛው ወረደችልኝ።

የአምቡላንሱ ሾፌር ሽበታም ሰው ነው። የደም ባንኩን ሥራ ማኅበሩ ከአርባ ዓመት በላይ ሲሠራው ቆይቶ በ2004 ዓ.ም. ወደ መንግሥት መዛወሩን አነሳልኝ። ቅር ያለው ይመስላል፤ ደም ለጋሾቹን በስም ያውቃቸው ነበር። አሁን ሥራው 907 ላይ ከሚደወለው ጋር ነው።

«ጋሼ፣ አብዛኛው ጥሪ ምንድነው?»

«ምጥ ነዋ! ከዚያ የመኪና አደጋ። አንዷ ሐይቅ መታጠፊያ ላይ ወለደች። ከኋላ እልልታ ስሰማ ነው ያወቅኩት።»

«መኪና የማይገባበት ቀበሌስ?»

«ቅሬው አለ አይደል። በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት ድረስ ያመጧታል። ከቤት እስከ አስፋልት ቅሬው፣ ከአስፋልት እስከ ሆስፒታል እኛ።»

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ሰው ሲሞት ብቻ የሚሰበሰብ ማኅበር ይመስለኝ ነበር። በሽተኛ ይዞ በሌሊት ገደል የሚወርድ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ቀይ መስቀል ከጄኔቫ መጣ ይባላል። ምልክቱና ሕጉ አዎ። ትከሻው ግን እዚሁ ነበር።

ከዚያ ጉዞ በኋላ በዚያው መንገድ ጦርነት አልፏል። ደሴም ኮረምም አይተውታል። በጦርነቱ የቀይ መስቀል አምቡላንሶችና ሠራተኞችም ጥቃት ደርሶባቸዋል። ዜናውን በሰማሁ ቁጥር ያቺን ልጅና ሰደርያውን የሚያጥበውን አባቷን አስባለሁ። አትተኩሱብን ማለት ነው ብላው ነበር።

ያን ቀን ሾፌሩን ብዙ ልጠይቀው አስቤ ነበር። የመጀመሪያ ጥሪህ የት ነበር፣ አንተስ በ77 የት ነበርክ ልለው። ሁለተኛውን ሻይ ገና እየቀዳልኝ ስልኩ ጮኸ። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጦ አነሳው።

«አቤት» አለ። ትንሽ አዳመጠ። «ስንት ሰዓቷ ነው? እሺ። አብሽሩ፣ አስፋልቱ ላይ ጠብቁኝ።»

ልጅቷ ቦርሳዋን ይዛ ቀድማው ወጣች።