ከፍታ ብቻውን ምን ያደርጋል?

የሮለር ኮስተር (በመዝናኛ ፓርክ ሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚበር ባቡር) የከፍታ ክብረ ወሰን በተሰበረ ቁጥር፣ ከፍታ ግልቢያውን የተሻለ ያደርገዋል ወይ የሚለው ክርክር ይነሳል። እኔ ከፍታ ብቻውን ጥሩ ግልቢያ አይሠራም ከሚሉት ወገን ነኝ።

ሒሳቡን እንየው። ሰበቃን ብንተወው፣ ከ60 ሜትር የሚወርድ ባቡር በሰዓት 123 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ቁመቱን እጥፍ አድርጋችሁ 120 ብታደርሱት ፍጥነቱ 175 ገደማ እንጂ 246 አይሆንም።

አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ የነበረውን ኪንግዳ ካ የተባለ ሮለር ኮስተር ውሰዱ። በ2005 ሲከፈት ቁመቱ 139 ሜትር ነበር፤ ባቡሩ በሃይድሮሊክ ኃይል ተወንጭፎ በሰዓት 206 ኪሎ ሜትር ይበር ነበር። ግፊቱ ትንሽ ካነሰ ወይም ነፋሱ ከበረታ ግን ጫፉን ሳያልፍ ወደ ኋላ ይንሸራተት ነበር (በመነሻው ሐዲድ ላይ ማግኔታዊ ፍሬን የተተከለው ለዚህ ነበር)። ካለፈም ቁልቁል ወርዶ አንድ ጉብታ ብቻ ይቀረው ነበር። አለቀ።

ከወንበር ብድግ የሚያደርገው የጉብታው ቅርጽ ነው። የተወረወረ ድንጋይ በአየር ላይ ከሚሄድበት መስመር ይልቅ ሐዲዱ ቶሎ ካጎነበሰ፣ ተሳፋሪው ከወንበሩ ተነሥቶ በጭኑ መያዣ ይታገዳል። ኦሃዮ፣ ሲዳር ፖይንት መዝናኛ ፓርክ ያለው ስቲል ቬንጀንስ የተባለ ሮለር ኮስተር ይህን ደጋግሞ ይሰጣል፤ ቁመቱ 62 ሜትር ገደማ ነው፣ የኪንግዳ ካን ግማሽ እንኳ አይሞላም።