ክሊራንስ

ተማሪዎቹ ከኋላዬ «ክሊራንስ» ነው የሚሉኝ። «ክሊራንስ መጣ፣ ደብቂው!» ሲባባሉ ስንቴ ሰምቻለሁ። ደሴ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ውስጥ ከዐሥር ዓመት በላይ ሠርቼ ያተረፍኩት ስም ይኸው ነው። አልቀየምም። መጽሐፉን በሞዴል 22 የንብረት ቅጽ ፈርሜ የተረከብኩት እኔ፣ ሲጠፋ ደመወዙ የሚቆረጠው እኔ። መጽሐፍ ያልመለሰ ካርዱን አያገኝም። አለቀ።

ነገሩ የሆነው ጥር 2015 መጨረሻ ላይ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት የወጣ ሰሞን። በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። የእኛን ቁጥር ተዉት። ለግምገማ ተሰብስበን ሁሉም ጥፋቱን ወደ ጎረቤቱ ይገፋል። የእንግሊዝኛው መምህር አንደኛ ደረጃን ከሰሰ። ሌላው ስልክን ከሰሰ። ጦርነቱም ተነሣ፤ እሱስ እውነት ነው።

እኔ ግን ተዘጋጅቼ ነበር የገባሁት። ማታ ስልኬ ላይ አንድ ጥናት ሳነብ አምሽቻለሁ። ኪት ከሪ ላንስ የሚባል አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ከ200 በላይ ትምህርት ቤቶችን አዩ። ላይብረሪው በሰው ኃይልና በመጽሐፍ ሲጠናከር የተማሪውም ውጤት ከፍ ብሎ አገኙት። የሀብታም ልጆች ስለሆኑ ነው እንዳይባል፣ የቤተሰቡን ድህነትና የወላጅን ትምህርት ሁሉ አስበው ነው ያወዳደሩት። እጄን አወጣሁና ይኼን ተናገርኩ። «ስለዚህ ለላይብረሪው ሁለተኛ ሠራተኛ ይቀጠርልን፤ በጀትም ይያዝልን» ብዬ ተቀመጥኩ። ዳይሬክተሩ ማስታወሻ ያዘ። ደስ አለኝ።

ከኋላ የሒሳቡ መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ለጡረታ ወራት ነበር የቀራቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩኝ።

«ወንድሜ፣ ያ ጥናት የላይብረሪው ሠራተኛ ምን ይሠራል ይላል?»

«ማለት?»

«ቁጭ ብሎ ይፈርማል ነው የሚለው?»

ምን እንደሚል አውቃለሁ። ማታ ደርሼበት ቶሎ ብዬ ያለፍኩት ቦታ ነው። ሠራተኛው በማስተማሩ ሥራ ሲገባ፣ ከመምህራን ጋር ተቀምጦ አብሮ ሲያቅድ ውጤቱ የተሻለ ነው ይላል።

«ከመምህር ጋር አብሮ ያቅዳል ይላል» አልኩ ቀስ ብዬ።

«እኔ ጋ መቼ መጣህ?»

ዝም አልኩ። ከዚያ እልህ ያዘኝ። «እርስዎስ ላይብረሪ መቼ መጡ?»

«እኔማ መጥቻለሁ። መጽሐፍ ወስጃለሁ።»

ስታፉ አውካካ። እሳቸው አልሳቁም። «እሱም በደህና አለ። ያንተዎቹስ እንዴት ሰነበቱ?»

ያኔ ሳቁ ቆመ። እኔም የምለው ጠፋኝ።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሰውዬው በ2010 አንድ የ12ኛ ክፍል የሒሳብ አጋዥ መጽሐፍ ተውሰው አልመለሱም። ስማቸውን ከተማሪ እኩል ሦስት ጊዜ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌያለሁ። ከሳቸው በቀር ግን ሰኔ 2013 ላይ የማልመው ነገር ተሳክቶልኝ ነበር። አሳደድኩ፣ ካርድ ያዝኩ፣ ወላጅ አስጠራሁ፤ መጽሐፉ በሙሉ ማለት ይቻላል መደርደሪያው ላይ ተመለሰ። ምስጋናም አገኘሁ። ክረምቱን ተፈናቃዮች ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰፈሩ፤ አዲሱ ዓመት ሲገባ ማዋስ ሳንጀምር ጥቅምት ላይ ከተማዋ ተያዘች። ኅዳር መጨረሻ ላይ ነጻ ስትወጣ ከደብረ ብርሃን ተመልሼ በሩን ገፋሁት። መቆለፊያ የለውም። መደርደሪያው ተሰብሮ ተማግዷል። ከመጽሐፉ የቀረው ጠርዙ የከሰለ ሽፋንና በጭቃ የተረገጠ ገጽ ነው። ተማሪ ቤት ተረስቶ የቀረ፣ ሲጠየቅ «ጠፍቶብኛል» የተባለ፣ እሱ ነው የተረፈው። አምስት ይሁን ስድስት። እነዚያን ልጆች ቀጥቻቸው ነበር።

በኋላ የእርዳታ መጽሐፍ በካርቶን መጣ። ብዙው ስለ በረዶ ላይ መንሸራተት የሚያወራ የሕፃናት ተረት ነው። በሞዴል ገቢ ሆነ፤ እስከ ዛሬ አንድም ሰው አልጠየቀኝም።

ከስብሰባው በኋላ ወደ ሒሳብ ዲፓርትመንት ሄጄ ልጆች የሚወድቁበት የትኛው ምዕራፍ እንደሆነ ልጠይቅ አስቤ ነበር። አልሄድኩም። ኮርቼ ነው። በዚያ ላይ ብሄድስ የትኛውን መጽሐፍ ልሰጣቸው?

ሰኔ ላይ እሳቸው ጡረታ ወጡ። ጡረታ ለሚወጣም ክሊራንስ አለ፤ ላይብረሪም ይፈርማል። ያቺን ቀን እንዴት እንደጠበቅኳት! ጠዋት፣ የጦሳ ተራራ ጉም ገና ሳይነሣ፣ ፌስታል አንጠልጥለው መጡ። መጽሐፉ በጋዜጣ ተለብዷል። እንደ ልማዴ ገጽ በገጽ መቁጠር ጀመርኩ።

ያልተጻፈበት ገጽ የለም። ኅዳጉ ሁሉ በእርሳስ ተሠርቷል። መልስ ብቻ አይደለም፣ አካሄዱ በሙሉ። መጽሐፉ «በቀላሉ እንደሚታየው» ብሎ የዘለለውን እሳቸው በአራት መስመር ዘርዝረውታል። አንድ ቦታ ላይ «እዚህ ጋ ማይነሱን ይረሳሉ» ይላል። ሌላ ቦታ «የኋላ ወንበሮች አልገባቸውም፣ በሥዕል ድገም»፤ ከጎኑ ሥዕሉ አለ።

በደንባችን የተጻፈበት መጽሐፍ የተበላሸ ንብረት ነው። አንድ መስመር በማስመሩ 50 ብር ያስከፈልኩት ልጅ አለ።

«ላጲስ ላምጣልህ?» አሉኝ።

መልስ አልሰጠሁም። ቅጹ ላይ «በጥሩ ሁኔታ የተመለሰ» ብዬ ፈረምኩ። ማኅተሙን መታሁ። እጃቸውን ዘርግተው «በል አብሽር» ብለውኝ ወጡ።

ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሯል፤ ዴሪቬቲቭ ግን ያው ዴሪቬቲቭ ነው። አሁን ልጆቹ መስኮቱ ላይ ተሰልፈው «ባለ እርሳሷን» ነው የሚሉት። ለሷ ሲሉ ከሰዓት ቀድመው የሚመጡ አሉ። እኔ ደግሞ አመሌ አልለቀቀኝም፤ ከአዳራሽ አትወጣም ብዬ ቀይ ወረቀት ለጥፌባታለሁ። ማታ መሳቢያዬ ውስጥ እቆልፍባታለሁ።

ባለፈው ዓርብ አንዲት የ12ኛ ክፍል ልጅ ልዘጋ ስል መጣች። «ጋሼ፣ ለቅዳሜና እሁድ ብቻ። ወላሂ ሰኞ ጠዋት።» አይሆንም አልኳት። አልሄደችም፤ ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። እኔም ቁልፉን ይዤ ቆምኩ። መቆለፊያ ያልነበረው በር ትዝ አለኝ።

«መታወቂያሽን አስቀምጪ» አልኳት።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ስሟን ሰሌዳ ላይ አልለጠፍኩም። እስካሁን።