አጎቴ ኪስ ውስጥ የከረመው ደብዳቤ

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቅ በኮምፒውተር ማመልከቻ እጽፋለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ አሥራ አንድ ዓመት የሰው ጣጣ ስተይብ ግን ሕጉ ሳልፈልገው ጣቴ ላይ ቀርቷል።

ባለፈው ማክሰኞ አጎቴ ከመቂ መጡ። ሻይ አዘዝኩላቸው፤ ስኳሩን ሲያማስሉ ሳይጠጡት ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የባንክ ማስጠንቀቂያ ነው። እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ለቅቋል። ቀኑን ሳየው 19 ቀን ሆኖታል።

ብድሩ የሽንኩርት ነው፤ ለውኃ መሳቢያ ሞተር፣ ለዘርና ለማዳበሪያ። በመያዣነት የገባው ከተማ ያለው ቤታቸው ነው። ሽንኩርቱ ሲደርስ የሰዉም ሁሉ ሽንኩርት አብሮ ደረሰና ዋጋው ወደቀ።

«ፍርድ ቤት ሲጠሩኝ አስረዳለሁ ብዬ ነው» አሉ። ብዙ ባለጉዳይ እዚሁ ላይ ነው የሚሳሳተው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ መያዣውን ለመሸጥ ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልገውም፤ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ራሱ በሐራጅ ይሸጣል። በሁለተኛው ጨረታ ገዢ ከጠፋ ንብረቱን በመጀመሪያው ጨረታ መነሻ ዋጋ ሊወስደው ይችላል። ሥርዓቱን ጥሶ ጉዳት ካደረሰ በእርግጥ ይጠየቃል፤ ቤት ከተሸጠ በኋላ ለካሳ መሟገት ስንት ምልልስ እንዳለው ግን ይህን ኮምፒውተሬን ጠይቁት።

የቀራቸው 11 ቀን ነው። የብድር ኃላፊውን ሦስት ጊዜ በቃል ለምነዋል፤ እሱም «እናያለን» ብሏቸዋል። «እናያለን» መዝገብ ቤት አይገባም። ስለዚህ ጻፍን፦ የክፍያው ጊዜ እንዲራዘም፣ ክፍያውም ምርት በሚደርስበት ወቅት እንዲሆን፤ ይህ ካልሆነ ባንኩ ፈቅዶላቸው ቤቱን ራሳቸው ገዢ ፈልገው እንዲሸጡ። ሁለት በሬ ሸጠው አሁኑኑ የሚከፍሉትን ገንዘብም ጠቀስኩ። በሬዎቹ ላይ ስደርስ «እሱን ተይው» አሉኝ። አልተውኩትም፤ ልመና ብቻ ላለበት ማመልከቻ የሚሰጠውን መልስ አውቀዋለሁ።

ሁለት ቅጂ አትሜ አብሬያቸው ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በእኛ ቅጂ ላይ «ገቢ» የሚል ማኅተም መታችልን፤ ቁጥርና ቀን ጻፈችበት።

አንድ ነገር ቀረ። የመያዣ ውሉ ላይ አክስቴም ፈርመዋል፤ የባልና ሚስት የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት በመያዣ አይሰጥም። ስለ ማስጠንቀቂያው ግን አልሰሙም። «ማን ይንገራቸው? እርስዎ ወይስ እኔ?» አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡ ስልካቸውን አወጡ፤ ደወሉና ጆሯቸው ላይ እንኳን ሳያደርጉት ለእኔ አቀበሉኝ።