ወርድ የሌለው መሬት

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ኖሮ የማያውቅ ሰው፣ ሜትር ይዞ ባዶ ሜዳ ላይ መራመድ ምን እንደሚያስከትል አይገባውም። በእኛ ሰፈር ሜዳ ላይ የወደቀን ሰው የሚያነሣ ሊዘገይ ይችላል፤ ሜትር ዘርግቶ የታየ ሰው አጠገብ ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አምስት ሰው ይቆማል፤ ከአምስቱም አንዱ ደላላ ነው። እኔ ይህንን በሚገባ እያወቅሁ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የጥር ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ 196 ሜትር ለክቼ ችካል ተከልሁ። የምፈልገው ሳኦ ቶሜን ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ባስረዳ ይሻላል። የእኔ አመል በመካከለኛ ሞገድ፣ ማለትም ከ531 እስከ 1602 ኪሎኸርዝ ባለው የሬዲዮ መስመር ላይ፣ በጣም የራቁ ጣቢያዎችን አድኖ መስማት ነው። ቀን ቀን ሬዲዮኔ 873 ላይ ያለውን የኢትዮጵያ ሬዲዮንና ጥቂት የቅርብ ጣቢያዎችን ከማሰማት አታልፍም፤ ምክንያቱም ፀሐይ ስትወጣ ከምድር በላይ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚፈጠረው የአየር ንጣፍ ወደ ሰማይ የሚወጣውን ሞገድ ውጦ ያስቀረዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ንጣፍ ይሳሳና ሞገዱ አልፎት ይወጣል፤ ከእርሱ በላይ ያሉት ንጣፎች ደግሞ እንደ ጣራ መልሰው ወደ ምድር ስለሚያወርዱት፣ ያችው ሬዲዮ 819 ላይ ካይሮን እቤቴ ድረስ ታመጣልኛለች። ጥር የተመረጠውም በምክንያት ነው፤ በክረምት የመብረቁ ጭርጭርታ ሌላ ነገር አያሰማም።

የዚህ ሥራ ዋና ጠላት ኤሌክትሪክ ነው። የስልክ ቻርጀሩ፣ ርካሹ የኤልኢዲ አምፖል፣ የዲሹ ሪሲቨር፣ ሁሉም በየራሱ ድምፅ ያንሾካሽካል፤ ሁሉም ተደምሮ ሬዲዮው ውስጥ እንደ ንብ ቀፎ ይሰማል። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ «ወይኔ!» በሚልበት ሰዓት እኔ ጋቢዬን ደርቤ፣ ሬዲዮዬን ታቅፌ ወደ ግቢ እወጣለሁ። ባለቤቴ ለእንግዳ ሁሉ «መብራት ሲጠፋ ፊቱ የሚበራ ባል ያገባሁት እኔ ብቻ ነኝ» እያለች ትናገራለች፤ አልዋሸችም።

መጀመሪያ የሠራሁት አንቴና ምንም ጠብ አላስነሣም ነበር። ጎኑ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ክፈፍ አሠርቼ ሽቦ 10 ጊዜ ጠመጠምሁበት፤ ከዚያም ከአሮጌ ሬዲዮ የተነቀለ፣ ጣቢያ ሲፈለግ ቅጠሎቹ እርስ በርስ እየተጠላለፉ የሚዞሩበትን ኮንደንሰር በሁለቱ የሽቦ ጫፎች መካከል አሰርሁ። ክፈፉን ከሬዲዮው አጠገብ አቁመው ኮንደንሰሩን ሲያዞሩ፣ ልክ የተፈለገው ቁጥር ላይ ሲደርስ ደካማው ጣቢያ ያለምንም ገመድ ብድግ ይላል። ክፈፉን ራሱን ሲያዞሩት ደግሞ ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣውን ድምፅ መግደል ይቻላል። አማቴ ለጥየቃ በመጡ ቁጥር ትኩር ብለው ያዩትና «የዚህ መስኮት መስታወት መቼ ነው የሚገባለት?» ይሉኝ ነበር።

ይሁን እንጂ ክፈፉ ሳኦ ቶሜን ሊያመጣልኝ አልቻለም። በዚያች የአትላንቲክ ደሴት ላይ የአሜሪካ ድምፅ 600 ኪሎዋት ኃይል ያለው ማሰራጫ ነበረው፤ ቁጥሩ 1530፣ ርቀቱ ከእኛ ከ3 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር በላይ። ችግሩ እዚያው ጎን 1521 ላይ ከሳዑዲ ዓረቢያ የሚጮኸው ኃይለኛ ጣቢያ ነበር፤ የቤቴ ጉርምርምታ ሲጨመርበት ደሴቲቱ ከነሕዝቧ ትሰጥማለች። ለዚህ መድኃኒቱ ሃሮልድ ቤቨሬጅ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1921 የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ እስከ ዛሬም በስሙ የሚጠራው አንቴና ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ረጅም ሽቦ ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጎ ወደ ጣቢያው አቅጣጫ መዘርጋት፣ የሩቁን ጫፍ ሬዚስተር በሚባል፣ የኤሌክትሪክ ፍሰትን በሚገታ ትንሽ ዕቃ በኩል ከመሬት ጋር ማገናኘት። ሽቦው ከፊቱ የሚመጣውን ተቀብሎ ከጎንና ከኋላ የሚመጣውን ይንቃል። ርዝመቱ ቢያንስ አንድ ሙሉ የሞገድ ርዝመት ቢሆን ይመረጣል፤ የ1530 ሞገድ ርዝመት 196 ሜትር ነው። እንግዲህ ያ ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው፤ ማንም ባያምነኝም።

ፈቃድ ጠይቄአለሁ። አጠገባችን ያለውን የጅምር ሕንፃ የሚጠብቀው ሰውዬ «ኸረ ጋሼ፣ ይዘርጉ! ምን ችግር አለው?» አለኝ፤ 14 አጣናም አበደረኝ። ሜዳው የእርሱ ይሁን አይሁን ያጣራሁት በኋላ ነው። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም የሜትሩን ጫፍ ይዞ፣ እኔ የስልኬን ኮምፓስ እያየሁ፣ ወደ ምዕራብ ትንሽም ወደ ደቡብ ባዘነበለው መስመር ላይ አጣናዎቹን በየ14 ሜትሩ አቆምን። ሁለት ባለ 100 ሜትር ጥቅል ሽቦ ቀጥለን ዘረጋን። በመጨረሻም በሩቁ ጫፍ ላይ አንድ ሜትር ፌሮ በመዶሻ ወደ መሬት መምታት ጀመርሁ።

የመዶሻው ድምፅ ነው ጉድ ያመጣው። በዚህ አካባቢ ባዶ ሜዳ ላይ ፌሮ ሲመታ የሰማ ጆሮ ተመልሶ አይተኛም። ቀድሞ የደረሰው፣ አፍንጫው ከሁሉ የፈጠነው ደላላ ነበር።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎ! ስንት ካሬ ነው?»

«ካሬ የለውም። ርዝመት ብቻ ነው፤ 196 ሜትር።»

«ወርዱስ?»

«ወርድ የለውም።»

ዝም አለ። ዓይኑን በመስመሩ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንከባለለ፤ መስመሩ ቢቀጥል በቀጥታ የዕድራችን ድንኳን የሚቀመጥበትን ቤት ይመታል። ቀስ ብሎ ወደ ኋላው ዞሮ ለተሰበሰበው ሰው «መንገድ ነው» አለ፤ ድምፁ የሐኪም ውጤት የሚያነብ ይመስል ነበር። እኔ አይደለም ለማለት አፌን ስከፍት፣ አንዲት እናት የባለቤቴን ወንድም በሌላ በኩል ይዘው የሥራው ስም ምን እንደሆነ ጠየቁት። ልጁ ሐቀኛ ነው።

«ቤቨሬጅ ነው፣ እማማ» አላቸው።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንባቢ ራሱ ይፍረድ። ቤቨሬጅ የሚለውን ቃል የሰፈራችን ሰው የሚያውቀው ከለስላሳና ከቢራ ፋብሪካ በር ላይ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ መንገድ ይወጣል፣ ዕድሩ ሊፈርስ ነው ይላል፤ ግማሹ የመጠጥ ፋብሪካ ሊተከል ነው፣ ካሳ ይከፈላል ይላል። ጥቂት ጠቢባን ሁለቱን አስታርቀው፣ መንገዱ ወደ ፋብሪካው የሚወስድ ነው አሉ። እማማም ዲፕሎማ ያለው ሥራ ፈት ልጃቸውን አስታውሼ እንዳስቀጥርላቸው፣ ግንባሬን ስመው ለምነውኝ ሄዱ። እኔ ግን ይህ ሁሉ ሲሆን በልቤ የማስበው ባለ 470 ኦሙን ሬዚስተር በትክክል አስሬው እንደሆነ ነበር።

ጀንበር ብትጠልቅም ወዲያው መስማት አይቻልም። ሳኦ ቶሜ ከእኛ በስተምዕራብ ስለሆነች በዚያ የሚመሸው እዚህ ከመሸ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው፤ መንገዱ በሙሉ እስኪጨልም ድረስ ሞገዱ በግማሽ መንገድ እየተዋጠ ይቀራል። ስለዚህ ማታ 3 ሰዓት ገደማ፣ ግቢዬ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ፤ ሬዲዮዋን ሌላ በርጩማ ላይ አስቀመጥኋት። ትንሿ ሬዲዮዬ ለመካከለኛ ሞገድ የውጭ አንቴና መሰኪያ የላትም፤ በዚህም የተነሣ የሽቦውን የቅርብ ጫፍ በቆርቆሮው አጥር አናት ላይ አሳልፌ፣ በሬዲዮዋ ወገብ ላይ 8 ጊዜ ጠምጥሜ፣ እንዳይላቀቅ በፕላስተር አጥብቄ፣ ትራፊውን ከመሬት ጋር በቁንጥጫ ማያያዣ አገናኘሁ። ያ «እንዳይላቀቅ» ያልሁት ነገር ኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል።

1530 ላይ አደረግሁ። ሳዑዲው ራቀ። ከጉርምርምታው ሥር አንድ የሰው ድምፅ ብቅ ጥልቅ ማለት ጀመረ፤ እንግሊዝኛ ይመስላል። ትንፋሼን ውጬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ሬዲዮዋ በርጩማው ላይ አንድ ስንዝር ያህል ፈቀቅ አለች። ዓይኔን ጠራርጌ መለስኋት። እንደገና ፈቀቅ አለች፤ ቀጥሎም ከበርጩማው ዘልላ ወረደች። ጣቢያው ወደ እኔ ሊመጣ ሲገባው ሬዲዮዋ ወደ ጣቢያው ጉዞ ጀመረች፤ አቅጣጫዋም ያለምንም ስሕተት ወደ ምዕራብ፣ ትንሽም ወደ ደቡብ ነበር። የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ደርምሳ፣ ውሻችንን አስደንግጣ፣ እኔ በነጠላ ጫማ እየተከተልኋት፣ ቆርቆሮውን እያንኳኳች አጥሩን ወጣች። አናቱ ላይ ስትደርስ ማንጠልጠያዋ ሚስማር ያዘላትና እዚያው ተንጠልጥላ ቀረች።

የግቢውን በር ስከፍት የዕድሩ ሊቀመንበር በከዘራቸው፣ ጥበቃው በባትሪው፣ ደላላው በስልኩ መብራት፣ ከኋላቸውም የሰፈሩ ሰው በሙሉ ቆሞ ነበር። የሰፈሩ ጎረምሶች ችካሉን ነቅለው ሽቦውን እንደ በግ አንጀት በክርናቸው ላይ እየጠቀለሉ ነበር።

«አንተ ልጅ» አሉ ሊቀመንበሩ፣ «ዕድሩ ሲፈርስ አንተን ማን ሊቀብርህ ነው?»

ሞገዱን፣ ደሴቲቱን፣ ሚስተር ቤቨሬጅን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ላስረዳ ሞከርሁ። «እስቲ አሰማን» አሉኝ። ሁላችንም አንጋጠን አጥሩ ላይ የተንጠለጠለችውን ሬዲዮ አዳመጥን፤ እርሷም ሻ… አለች። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ልክ በዚያች ቅጽበት ከዳር እስከ ዳር የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ።

«መብራቱንም እርስዎ ነዎት የሚያጠፉት?» አለ ጥበቃው፤ በድምፁ ውስጥ ፍርሃትም አክብሮትም ነበረበት።

ልመልስለት አልቻልሁም፤ ምክንያቱም ቻርጀሩም አምፖሉም ሪሲቨሩም በአንድነት ጸጥ ሲሉ፣ ከአጥሩ አናት ላይ አንድ ሰው ጥርት ባለ እንግሊዝኛ መናገር ጀምሮ ነበር። ሽቦው በጎረምሳው ክርን ላይ ተጠቅልሏል፤ ሬዲዮዋ በሆዷ ባለችው ጣት በምታህል የፌራይት ዘንግ፣ ማለትም በገዛ ራሷ የውስጥ አንቴና ብቻ 3 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ትሰማለች። ሕዝቡ በጨለማ ውስጥ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ሊቀመንበሩ ጆሯቸውን በእጃቸው ከልለው ቆዩና «ስለ መንገዱ ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

ምንም እንዳላለ ነገርኋቸው። «እንግዲያው ሽቦው ለምን አስፈለገ?» አሉ፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ አላገኘሁላቸውም። ሰው ሁሉ ተበተነ፤ ደላላው ብቻ ቀርቶ፣ ወርድ የተገኘለት እንደሆነ እንድደውልለት ቁጥሩን አስያዘኝ።

ሽቦው ግማሹ አልተመለሰልኝም። በማግስቱ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ከ14ቱ አጣናዎች ሁለቱ በጅምሩ ሕንፃ ግቢ ቆመው፣ በመካከላቸው የጥበቃው ሁለት ሸሚዝና አንድ ሱሪ ተሰጥቶ አየሁ። ቆም ብዬ ኮምፓሴን አወጣሁ። ሦስት ዲግሪ ብቻ ነው የሳተው።