ብቻዬን ወደ ትክል ድንጋዮቹ፦ ከጢያ እስከ ቱቱ ፈላ

ትክል ድንጋይ የሚታየው ጠዋት ወይም ወደ ማታ ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው የለም። ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ትወርዳለች፣ ጥላ አይኖርም፣ የተቀረጸው ሁሉ ከድንጋዩ ጋር ይደባለቃል። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ግን ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው እያንዳንዱ ሰይፍ ከነጠርዙ ብቅ ይላል።

አስጎብኚዎች ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ያለችውን ጢያን ከመልካ ቁንጥሬና ከአዳዲ ማርያም ጋር በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ያቀርቡላችኋል። አትስሟቸው። በዚያ አካሄድ ጢያ የምትደርሱት ቀትር ላይ ነው። እኔ ቪትዜን ይዤ በቀጥታ ቡታጅራ ገብቼ አደርኩ። ጠዋት ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሼ ጢያ ደረስኩ። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ከብትና ጋሪ ብቻ ልብ በሉ።

ጢያ ላይ 36 ድንጋዮች ቆመዋል። 32ቱ ላይ ሰይፍ፣ ክብ ነገርና ቅጠል የሚመስል ምልክት ተቀርጿል። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የተመዘገቡት እነዚህ ናቸው። ሕዝቡ ከግራኝ ጋር ያያይዛቸዋል፤ ግራኝ ግን የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው፣ ከሥር የተገኙት መቃብሮች ደግሞ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ያሉ ናቸው። አንዱ ድንጋይ አጠገብ ቁጭ አልኩ። የድንጋይ ሽበት ሰይፉን ግማሽ ድረስ ሸፍኖታል፤ ከሽበቱ በላይ ያለው የሰይፉ ጠርዝ ግን በጠዋቷ ፀሐይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጥላው እያጠረ እስኪጠፋ ድረስ ከዚያ አልተነሳሁም። ብቻዬን በመምጣቴ እዚያ ኮራሁ። «እንሂድ፣ ምሳ ደረሰ» የሚል ሰው የለም።

ከዚያ በዝዋይ፣ በሻሸመኔና በሀዋሳ አድርጌ ወደ ደቡብ ነዳሁ። ነዳጅ ባገኘሁበት ሁሉ ሞላሁ፣ ሳይመሽ አልጋ ያዝኩ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

አሁን ወደ ቢሮው ልምጣ። ጌዴኦ ዞን ያለውን ሌላውን የትክል ድንጋይ ቦታ፣ ቱቱ ፈላን፣ ለማየት አስቀድሜ ስደውል «መጀመሪያ ቢሮ ገብተሽ ደብዳቤ ያዢ» ተባልኩ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም። ጠዋት ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ወሩ ሚያዝያ ነው፣ ከቀትር በኋላ እንደሚዘንብ ሁሉም ሰው ያውቃል።

ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሰውዬ መታወቂያዬን አገላብጠው አዩት።

«ከማን ጋር ነው የመጣሽው?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ከየትኛው መሥሪያ ቤት?»

«ከየትም አይደለም ጋሼ። ለማየት ነው።»

«ለጥናት ነው?»

«አይደለም፣ ለማየት ብቻ።»

«ለማየት ብቻ» የሚለው አልገባቸውም። የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ አሉኝ። ከማን? የሚደግፈኝ መሥሪያ ቤት ከሌለኝ ከማን ላምጣ? ወደ ሌላ ክፍል ተላክሁ። እዚያ ያለችው ልጅ መልካም ሰው ነበረች፤ ወዲያው ጻፈችልኝ። ግን ኃላፊው ይፈርሙበት። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ስብሰባው ሲያልቅ ፈረሙ፣ ማህተሙ ግን ተቆልፎበታል። ቁልፍ የያዘው ሰው ምሳ ወጥቷል። «ሻይ ጠጥተሽ ተመለሺ፣ የኔ እህት» እየተባልኩ ደጃፉ ላይ ተመላለስኩ። በየመሃሉ «እውነት ብቻሽን ነው የመጣሽው? ቤተሰብ የለሽም?» የሚለው አልቀረም። ደመናው ከተራራው ላይ ሲሰበሰብ በመስኮት እያየሁ ነበር። እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ማንም ክፉ አልነበረም፣ ማንም ጉቦ አልጠየቀኝም። ጠዋቴን ግን እጄ ላይ በሉት።

ማህተሙ ያረፈበትን ባለሁለት መስመር ወረቀት ይዤ ስወጣ ሰማዩ ጠቁሯል። ከአስፋልቱ የሚገነጠለው ቀይ አፈር እርጥብ ስለነበር ቪትዜን ሰዎች ቤት አጠገብ አቁሜ ሞተር ያዝኩ። ጥበቃው ደብዳቤውን ተቀበለ፣ ሳያነበው አጣጥፎ መለሰልኝ። «ይሄ ምን ያደርጋል? ደረሰኝ ነው የሚቆረጠው» አለኝ። ከፈልኩ፣ ቆረጠልኝ፣ ገባሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ቱቱ ፈላ በእንሰትና በቡና መሃል ያለ የድንጋይ ክምር ነው። ክምሩ ላይ ትክል ድንጋዮች ተጠጋግተው ቆመዋል። ዓይን፣ አፍንጫና እጅ ያላቸው አሉ። ቀድሞ የወንድ ብልት ቅርጽ የነበራቸው አንዳንዶቹ በኋላ የሰው መልክ ተሰጥቷቸዋል። በዚያ ደመና ስር ግን መልኮቹን በዓይኔ ለመለየት ተቸገርኩ፤ አንዱን ፊት በጣቴ እየዳሰስኩ ልፈልግ ስል ጥበቃው ከለከለኝ። ልክ ነበር፣ ድንጋዩ ሲነካካ ይበላል። ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ ወረደ።

እንግዲህ ምክሬ ይኼ ነው። ለቁፋሮ፣ ለጥናት ወይም ለፊልም ቀረጻ ከሆነ ፈቃድ አውጡ፤ ይገባል። ለማየት ከሆነ ግን ማንም ምንም ቢላችሁ መጀመሪያ ወደ ቦታው ሂዱ። የጎደለ ነገር ካለ ጥበቃው ይነግራችኋል፣ ያኔ ቢሮ ትሄዳላችሁ። የአካባቢውን ልጅ አስጎብኚ አድርጋችሁ ያዙ፣ ዋጋውን ቀድማችሁ ተስማሙ። ስለ መንገዱ ደኅንነት የሚኒባስ ሹፌሮችን ጠይቁ፤ ዛሬ ያለፉበትን ነው የሚነግሯችሁ። ብቻሽን የምትሄጂ ሴት ከሆንሽ የት እንዳለሽ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑርሽ፣ «ለምን ብቻሽን?» ለሚልሽ ሁሉ ግን ረጅም መልስ አትስጪ።

የጌዴኦ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እንግዳ ይበዛል ብዬ አስባለሁ፤ ያ ጠረጴዛ ከዚያ በፊት ቢስተካከል ደስ ይለኛል። ሌላውን የጌዴኦ ትክል ድንጋይ ቦታ፣ ጨልባ ቱቲቲን፣ ሳላይ ተመለስኩ፣ ይቆጨኛል። ጥር ላይ፣ ደረቅ ሲሆን፣ እመለሳለሁ። ዲላ አድሬ ጎህ ሲቀድ እነሳለሁ፤ የማንንም ቢሮ ደጅ አልረግጥም።