ሬነሳንስን ከ1453 አትጀምሩት

ፈተና ሲቃረብ እዚህ ሐረርም ሆነ ድሬዳዋ የታሪክ ተማሪው ሁሉ አንድ ነገር ይሸመድዳል፦ «በ1453 ቁስጥንጥንያ በኦቶማኖች እጅ ወደቀች፤ ሊቃውንቱ የግሪክ መጻሕፍት ይዘው ጣሊያን ገቡ፤ ሬነሳንስ ተጀመረ።» (ሬነሳንስ የጥንቱ የግሪክና የሮም ትምህርት በአውሮፓ ዳግም ያበበበት ዘመን ነው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ለማስታወስ ይመቻል፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉ አይገጥምም። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርክ የጥንቱን ሮማዊ ጸሐፊ የሲሴሮን ደብዳቤዎች ቬሮና ላይ ያገኘው በ1345 ነው። ግሪካዊው ሊቅ ክሪሶሎራስ ከዚያችው ከቁስጥንጥንያ መጥቶ ፍሎረንስ ውስጥ ግሪክኛ ማስተማር የጀመረው በ1397። የከተማዋ መውደቅ የተጀመረውን አፋጠነው እንጂ አልወለደውም።

ዘመኑን ምን ለየው ሲባል አብዛኛው ሰው ሥዕልና ሐውልት ይጠራል። እኔ ጣሊያናዊውን የላቲን ሊቅ ሎሬንሶ ቫላን አስቀድማለሁ። የ4ኛው ክፍለ ዘመን የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ የምዕራቡን ግዛት ለሮም ጳጳስ ሰጥቶበታል የሚባል ሰነድ ለዘመናት ሲጠቀስ ኖሯል። ቫላ በ1440 መረመረው። ላቲኑን ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፎች ጋር ሲያስተያየው አልመሳሰል አለው። የሮም ሹማምንት «ሳትራፕ» ተብለዋል፤ ማዕረጉ ግን የፋርስ ነው። ቁስጥንጥንያም ገና ሳትቆረቆር የፓትርያርክ መንበር ሆና ተጠቅሳለች። ሰነዱ ሐሰተኛ ነበር። ወደ ምንጩ ተመልሶ ጽሑፍን እንዲህ ማፋጠጥ፣ ለእኔ የሬነሳንስ እምብርቱ ይህ ነው።

«ከጨለማ ወደ ብርሃን» የሚለውንም ተጠንቀቁ። ያለፈውን ዘመን ጨለማ ያሉት እነ ፔትራርክ ናቸው፤ ራሳቸው ከሳሽ፣ ራሳቸው ዳኛ። የሙስሊሙ ሐኪምና ፈላስፋ የኢብን ሲና የሕክምና መጽሐፍ «ቃኑን» ከእነሱ በፊት በላቲን ተተርጉሞ ይነበብ ነበር። ዘመኑም አልተወውም፤ በ1593 ሮም ላይ በዐረብኛው ታተመ። የግዕዝ መዝሙረ ዳዊትማ እዚያው ሮም በ1513 ቀድሞ ታትሟል።

ጊዜው ሩቅ ከመሰላችሁ ጀጎልን እዩ። አሚር ኑር ግንቡን ያሠሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው፤ በዚያው ጊዜ ጣሊያናዊው ሠዓሊና ቀራጺ ማይክል አንጀሎ ከ1546 እስከ ሞተበት 1564 ሮም ላይ የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን ግንባታ ይመራ ነበር።

ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥለው የሬነሳንስ ማብቂያው ነው። ለጣሊያን ብዙዎች የሚመርጡት የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት የቻርልስ 5ኛ ወታደሮች ሮምን የዘረፉበትን 1527 ነው። በእንግሊዝ ግን በ1616 የሞተው ሼክስፒር ሳይቀር የሬነሳንስ ሰው ይባላል። ስለዚህ መልሳችሁ ላይ ከዓመቱ በፊት የአገሩን ስም ጻፉ።