በታኅሣሥ ከጎንደር ወደ ስሜን

በታኅሣሥ ከጎንደር ወጣ ብሎ ለማደር ስሜንን የሚያህል የለም። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ መንገዱ በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት ያልፋል። የመንገዱን ሰላም አጣርታችሁ በማለዳ ተነሱ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ክፍያና የስካውት (የታጠቀ አጃቢ) ጉዳይ ደባርቅ ላይ ስለሚያልቅ፣ የዘገየ ሰው ፓርኩ ውስጥ ካለው ማደሪያ፣ ከሳንካበር፣ ሳይደርስ ይመሽበታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በልብስ ነው። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሳንካበር ግን ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ሣሩ ውርጭ ሊመታው ይችላል። ጋቢ ብቻውን አይበቃም፤ ወፍራም ካልሲና ኮፍያ ጨምሩ።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሌሊቱን ገደል ውስጥ አድረው ጠዋት ሜዳው ላይ ይወጣሉ። ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፤ ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ሲበሉ በቅርብ ታያላችሁ። ምግብ ግን፣ እባካችሁ፣ አትስጧቸው። ጉዞውን ከጥምቀት ጋር የምታገናኙ ከሆነ ጎንደር ላይ ማረፊያ ቀድማችሁ ያዙ።